ጥይቷ ለምን ሁለት ጊዜ ታርፋለች?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ኤዲቲንግ እየተማርኩ ነው። በ1902 የተሠራውን የፈረንሳዮቹን የጨረቃ ጉዞ ፊልም አየሁት። ሮኬቱ ሄዶ የጨረቃ ዓይን ላይ ይሰካል። ቀጥሎ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ጨረቃ ላይ እንደገና ሲያርፍ ይታያል። ኤዲተሩ ተሳስቶ ነው ወይስ ያየሁት ኮፒ የተበላሸ ነው? ባለቀለሙስ የእውነት ነው ወይስ ኮምፒውተር የቀባው?»

አጭሩን መልስ ላስቀድም (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ኮፒህ ደህና ነው፤ ስህተትም የለበትም። «ኤዲተሩ» ያልከው ሰው ግን የለም። ድርሰቱን ያሰበው፣ የጀርባ ሥዕሉን የነደፈው፣ ገንዘቡን ያወጣው፣ ጢሙን አንዠርጎ ዋናውን ፕሮፌሰር ሆኖ የተወነው፣ መቀሱን የያዘውም ያው አንድ ሰው ነው፦ ዦርዥ ሜሊዬስ። የቀለሙ ጉዳይ ትንሽ ወሬ አለው፤ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

አንድ ነገር ግን ቀድሜ ላርም፤ ሮኬት አትበላት። ሮኬት የራሷን ነዳጅ እያቃጠለች ነው የምትሄደው። ይቺ የመድፍ ጥይት ናት። ሐሳቡ ፈረንሳዊው ደራሲ ዡል ቬርን በ1865 ካሳተመው ልብወለድ የመጣ ነው። ሰዎቹ ጥይቷ ውስጥ ይገባሉ፣ በር ይዘጋባቸዋል፣ ቁምጣ የለበሱ የመርከበኛ ኮረዶች ገፍተው መድፉ ውስጥ ይከቷታል። ልጆቹ ሥራቸውን ሲጨርሱ ወደ መድፉ አይደለም የሚያዩት። ዞረው ለእኛ፣ ለተመልካቾቹ፣ ባርኔጣቸውን ያወዛውዛሉ። ይህችን ነገር ያዛት፤ መልሱ ግማሽ በግማሽ እሷው ውስጥ ነው።

አሁን ግራ ያጋባህን ቦታ ቀስ ብለን እንየው። መጀመሪያ ደመና መሃል ትንሽ ጨረቃ ትታያለች። እየገዘፈች ትመጣለች፤ ፊት እንዳላትም እናያለን። ካሜራው የተጠጋ ይመስላል፤ አልተጠጋም። የዚያን ጊዜ ካሜራ አንድ ቦታ ተተክሎ የሚቆም ከባድ ሳጥን ነው። ሜሊዬስ ያደረገው ተዋናይ አንገቱ ድረስ በጥቁር ከፋይ ሸፍኖ፣ ሐዲድ ላይ በተቀመጠ ወንበር ወደ ካሜራው ማስጎተት ነው። እኛ ወደ ጨረቃ አልሄድንም፤ ጨረቃ ናት ወደ እኛ የመጣችው።

ከዚያ በአንዱ ፍሬም (ፊልሙ ከሚሠራባቸው ነጠላ ሥዕሎች በአንዱ) ዓይኗ ባዶ ነው፤ በሚቀጥለው ጥይቷ ተሰክታለች። በመሃል ምንም የለም። ፊቷ ይጨማደዳል፣ ከዓይኗ ሥር ሊጥ የመሰለ ነገር ይዝረከረካል። ይህን በሶፍትዌርህ ፍሬም በፍሬም ሂድበት። እዚያች ቦታ ላይ ፊቱ ዘለል ይላል። ካሜራው ቆሞ፣ ጥይቷ ተደርጋ፣ በእጅ የሚዞረው የካሜራው እጀታ እንደገና የተዞረበት ቦታ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ነገሩን ያቃልለዋል፤ «ካሜራ አቁሞ መቀጠል ነው፣ ምን አለው» ይላል። አይደለም። እጀታው ሲቆምና ሲነሣ ጥቂት ፍሬሞች ብርሃን ይበዛባቸዋል፤ ተዋናዩም ቦታውን ስንዝር ሳይለቅ አይጠብቅም። ስለዚህ ሜሊዬስ የተበላሹትን ፍሬሞች ቆርጦ ይጥልና ሁለቱን ጫፎች በሙጫ ያጋጥማቸዋል። ፊልሞቹን በቅርብ የመረመሩ ሰዎች አስማት በሚሠራበት ቦታ ሁሉ የቅጥያ ምልክት አግኝተዋል። ጃንጥላው መሬት ላይ ተተክሎ እንጉዳይ ሲሆን ቅጥያ ነው። የጨረቃ ነዋሪው በጃንጥላ ተመትቶ ጢስ ሆኖ ሲጠፋም ቅጥያ ነው። አንተ ታይምላይን ላይ ሁለት ክሊፕ የምታጋጥመውን እሱ በጥፍሩ ጫፍ ይዞ ያጋጥመው ነበር። ከት ማድረግ የማያውቅ ሰው ነው የሚለው ግምት እዚህ ላይ ይወድቃል።

ቀጥሎ ሁለተኛው ማረፍ ይመጣል። ሾጣጣ ዓለት የሞላበት ሜዳ፣ ጥይቷ ትገባለች፣ ትቆማለች፣ በሩ ይከፈታል፣ ስድስቱ ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን እንደደፉ፣ ጃንጥላቸውን እንደያዙ ይወርዳሉ። የጠፈር ልብስ የለ፣ የአየር ችግር የለ። ምድር ከአድማስ ትወጣለች፣ እነሱም ገበያ እንደደረሰ ሰው ይጨፍራሉ። ዓይን የለ፣ ቁስል የለ፣ ፊት የለ።

ለምን እንዲህ ሆነ? ሰውየው ከየት እንደመጣ ካላየን አይገባንም። ሜሊዬስ ከፊልም በፊት የምትሃት ትርዒት ባለሙያ ነበር፤ በ1888 ፓሪስ ውስጥ የሮቤር ኡዳን ቴአትር የሚባለውን ትንሽ የምትሃት ቤት ገዝቶ ይሠራበት ነበር። በ1897 ከፓሪስ ወጣ ብላ በምትገኘው ሞንትሮይ ስቱዲዮ ሲሠራም የአትክልት ማሳደጊያ የሚመስል የመስታወት ቤት አድርጎ ሠራው፤ ለፀሐይ ብርሃን ነው። ውስጡን ግን እንደ ቴአትር መድረክ ነው ያዘጋጀው። በፊልሞቹ ደጋግሞ የሚወዳት ሚና የሰይጣን ነበረች። (አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ መጥራቱን ቢሰማ እንደ ምርቃት ነበር የሚቆጥረው።)

እንዲህ ያለ ሰው የሚያስበው በሾት (ካሜራው ሳይቋረጥ በሚቀርጸው ቁራጭ) አይደለም፤ በትዕይንት ነው። ፊልሙን ሲሸጥ ካታሎጉ ላይ 30 ትዕይንቶች በቁጥር ተዘርዝረዋል። እያንዳንዱ የራሱ ርእስ አለው። አንድ ትዕይንት የያዘውን ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጨርሳል፤ የሚቀጥለው ያለፈው ካቆመበት ሰከንድ የመጀመር ግዴታ የለበትም።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የሰርግ ወሬ አስበው። ሚዜው ሲያወራ ከመኪና እንደወረዱ፣ በሩ ላይ እንደተገፋፉ፣ በግድ እንደገቡ ይነግርሃል። ቀጥሎ የሙሽሪት እህት ትነሣና «እኛ ደግሞ ከውስጥ ሆነን…» ብላ ያንኑ በር፣ ያንኑ ግፊያ፣ ያንኑ መግባት ከእሷ በኩል ትነግርሃለች። ሰምተህ «ሙሽራው ሁለት ጊዜ ገባ እንዴ?» ብለህ ጠይቀህ ታውቃለህ? አትጠይቅም። አንዱ መግባት ከሁለት ወገን እንደተወራ ጆሮህ ያውቃል። የ1902 ተመልካችም በዓይኑ እንዲሁ ያውቅ ነበር። ደግሞ ብቻውን አልነበረም። በየድንኳኑና በየአዳራሹ ብዙ ጊዜ ከመጋረጃው አጠገብ ቆሞ የሚሆነውን የሚያስረዳ ተናጋሪ ነበረ። የድሮ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ቀድሞ ያየው ልጅ ከኋላህ ተቀምጦ ታሪኩን እንደሚያንበለብልልህ ዓይነት ማለት ነው፤ ልዩነቱ ያኛው ይከፈለዋል።

እዚህ ድረስ ያልኩት ብዙ ቦታ የሚገኝ መልስ ነው። እኔን ግን አይበቃኝም፤ ምክንያቱም «የዚያ ዘመን ሰዎች እንዲህ ነበር የሚያስቡት» ብሎ ማለፍ ሰውየውን የዋህ ያደርገዋል። የዋህ አልነበረም። ማስረጃው እዚያው ፊልም ውስጥ ነው።

መመለሻውን አስታውስ። ሽማግሌዎቹ ከጨረቃ ሰዎች አምልጠው ጥይቷ ጋ ይደርሳሉ። ጥይቷ ገደል አፋፍ ላይ ናት። ፕሮፌሰሩ አፍንጫዋ ላይ በታሰረው ገመድ ተንጠልጥሎ ይጎትታታል። ጥይቷ ከጨረቃ ላይ ወደ ምድር ትወድቃለች! ጨረቃ ከላይ ናት፣ ምድር ከታች ናት፣ የተጎተተ ነገር ይወድቃል፤ ፊዚክሱ በዚሁ አለቀ። አሁን ቁጠር፦ ከአፋፉ ትለቃለች፤ ባዶ ጠፈር ውስጥ ቁልቁል ታልፋለች፤ እውነተኛ ማዕበል በሚታይበት ባሕር ላይ ትወድቃለች፤ ባሕሩ ወለል ላይ ትደርሳለች። አራት ትዕይንት፣ ግማሽ ደቂቃ እንኳ የማይሞላ ጊዜ፣ አንድ ያልተቋረጠ ውድቀት። አንዱ ከሌላው በታች ይቀጥላል፤ ምንም አይደገምም። ዛሬ አስተማሪህ «ኮንቲኒዩቲ» የሚልህ ነገር ይኸው ነው።

እንግዲህ ይህን መሥራት የሚችል ሰው ማረፊያው ላይ ለምን ደገመ? በእኔ አስተያየት ሁለቱ ማረፎች ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ስላሏቸው ነው። የመጀመሪያው ቀልድ ነው፤ የሚታየውም ከዚህ፣ ከምድር ሆነን ወደ ሰማይ ስናንጋጥጥ ነው። ጨረቃ ፊት ያላት ከሩቅ ለሚያያት ብቻ ነው። ሁለተኛው ጀብዱ ነው፤ የሚታየው እዚያ ከደረሱት ጋር ቆመን ነው። ፊቷን አይቶ የሳቀ ሰው በዚያው ፊት ላይ መራመድ አይችልም፤ ስለዚህ ፊቱ ይነሣና ሜዳው ይመጣል። መውደቂያው ላይ ግን አንድ ሥራ ብቻ ነው ያለው፣ ፍጥነት። ስለዚህ አልደገመም።

ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪዬ ይህን «ስህተት» ላርምልህ ብሎ ፊልሙን በራሱ ኤዲት አድርጎ አመጣልኝ። ጎበዝ ልጅ ነው። ጨረቃዋ ስትቀርብ ቆርጦ በቀጥታ ሜዳው ላይ አሳረፈው፤ የዓይኗን ቦታ ወደ ፖስተር አወጣት። ንጹሕ ሥራ ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ ግን ማንም አልሳቀም። ቀጥሎ በተቃራኒው ሞከረና ሁለተኛውን ማረፍ አወጣ። ሰዎቹ ከዓይኗ ተነሥተው በቀጥታ ሜዳ ላይ ቆመው ሲታዩ አንዲት ተማሪ «ከየት ወጡ?» አለች። ሁለቱንም እንደነበሩ ስናይ ግን ጥያቄ የጠየቀ አልነበረም። ከአንተ በስተቀር ማለቴ ነው፤ አንተ ደግሞ በኤዲተር ዓይን ስለምታየው ነው።

እንዲህ ያለው ማረም አንድ ጊዜ የሲኒማን ታሪክ አበላሽቶ ያውቃል። በ1903 ኤድዊን ፖርተር ለኤዲሰን ኩባንያ ስለ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ፊልም ሠራ። ሴትዮዋና ልጇ ከሚቃጠል ቤት ሲወጡ መጀመሪያ ሙሉውን ከክፍሉ ውስጥ ያሳየናል፤ ከዚያ ያንኑ እንደገና ሙሉውን ከውጭ። በኋላ ግን አንድ ሰው ኮፒውን ይዞ ውስጥና ውጭ፣ ውስጥና ውጭ እያለ በዘመናዊ መንገድ ቆራረጠው። ያንን የተነካካ ኮፒ ያዩ የታሪክ ጸሐፊዎች ፖርተርን እያፈራረቁ የመቁረጥ ፈልሳፊ አድርገው ለዓመታት ጻፉ። ለቅጂ መብት ምዝገባ ወረቀት ላይ ታትሞ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የተቀመጠው ሲታይ ነው ድግግሞሹ የፖርተር፣ ማፈራረቁ የአራሚው መሆኑ የታወቀው። ስለዚህ የድሮ ፊልም ላይ «ስህተት» ስታይ መቀስህን ኪስህ ውስጥ አቆይ።

ወደ ባርኔጣዋ ልመለስ። ልጆቹ ለእኛ ባርኔጣ የሚያወዛውዙት ፊልሙ ማንንም ለማታለል ስላልተነሣ ነው። ሰዎች «የመጀመሪያው የሳይንስ ልብወለድ ፊልም» የሚለውን ማዕረግ ሲሰጡት ቀልድ መሆኑ ይረሳል። የመክፈቻውን ጉባኤ ተመልከት። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ተብዬዎቹ የጠንቋይ ካባ ለብሰው፣ ሾጣጣ ቆብ ደፍተው ይሰበሰባሉ። ቴሌስኮፖቻቸው በአንድ ጊዜ በርጩማ ይሆናሉ፤ ይቀመጡባቸዋል። አንዱ «አይሆንም» ብሎ ሲቃወም ሊቀመንበሩ ወረቀትና መጽሐፍ ይወረውርበታል። ሊቀመንበሩ ያው ሜሊዬስ የተወነው ፕሮፌሰር ነው፣ ስሙም ባርባንፉዪ ነው፤ በፈረንሳይኛ ጢሙ የተንጨባረረ እንደማለት። ጨረቃ ላይ ሲደርሱ ምርምር የሚባል ነገር አያደርጉም፤ ብርድ ልብሳቸውን አንጥፈው ይተኛሉ።

ፍጻሜው ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፤ እሱ ግን ለረጅም ጊዜ በሚዞሩት ብዙ ኮፒዎች ላይ ተቆርጦ ቀርቷል። ያንተ ኮፒ መርከብ ጥይቷን ስትጎትት የሚያልቅ ከሆነ ገና አልጨረስክም። ሙሉው ላይ ሰልፍ አለ፣ ኒሻን አለ፣ ከንቲባ አለ። ጥይቷ ላይ ተንጠልጥሎ የመጣውን አንድ የጨረቃ ሰው በዱላ እየመቱ በሕዝብ ፊት ያስጨፍሩታል። በዚያ ዘመን በፓሪስና በሌሎች የአውሮፓ ከተሞች ከአፍሪካና ከእስያ የመጡ ሰዎችን አጥር ውስጥ አድርጎ በኤግዚቢሽን ማሳየት የተለመደ እንደነበር አስታውስ። ቀጥሎ ሐውልት ይመረቃል፦ ፕሮፌሰሩ የቆሰለችውን ጨረቃ በእግሩ ረግጦ ቆሟል፤ ከሥሩ በላቲን «ሥራ ሁሉን ያሸንፋል» ተጽፏል። ሜሊዬስ በ1889 የፈረንሳዩን ፖለቲከኛ ጄኔራል ቡላንዤን እያብጠለጠለ ለአንድ ፌዘኛ ጋዜጣ ካርቱን ይሥል የነበረ ሰው ነው። ይህ ሐውልት ለእኔ የካርቱኒስት እጅ ነው፤ ለሳይንስ የተዘመረ ውዳሴ ሆኖ አይታየኝም።

ስለ ርዝመት ባጭሩ። ፊልሙ 260 ሜትር ነው፤ በፍሬም ወደ 13,600 ገደማ። እጀታ በእጅ ስለሚዞር የተወሰነ ፍጥነት አልነበረም። በሰከንድ 16 ፍሬም ብታጫውተው 14 ደቂቃ ይሆናል፤ በ24 ከ10 ደቂቃ ያንሳል፣ ሽማግሌዎቹም እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳሉ። ያየኸው ሰዉ ሁሉ የሚሮጥበት ከሆነ ጥፋቱ የሜሊዬስ አይደለም፤ ያለ ሐሳብ በ24 የገለበጠው ሰው ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ እነኤዲሰንና ሉቢን የተባሉት የፊልም ነጋዴዎች ሳይከፍሉ እያባዙ ሸጠውታል። ከተሰረቀ ኮፒ የተሰረቀ ኮፒ ብዥ ማለቱ አይቀርም። ሜሊዬስ በ1903 ወንድሙን ጋስቶንን ኒውዮርክ ልኮ ቢሮ ያስከፈተው ይህን ለማስቆም ነው፤ በጣም ዘግይቶ።

አሁን ቀለሙ። መልሱ «ሁለቱም» ነው። ስቱዲዮው ውስጥ ሁሉም ነገር የተቀባው በነጭ፣ በጥቁርና በግራጫ ነበር፤ የጊዜው ፊልም ቀይን እንደ ጥቁር ስለሚያይ ባለቀለም ልብስ ምን ሆኖ እንደሚወጣ አይታወቅም። ቀለም የሚመጣው ፊልሙ ከታጠበ በኋላ ነው። ኤሊዛቤት ቱዪዬ የምትባል ሴት ፓሪስ ውስጥ የቀለም ቤት ነበራት፤ እሷ ራሷ በኋላ እንደተናገረችው ከ200 የሚበልጡ ሴቶችን ታሠራ ነበር። እያንዳንዷ ሠራተኛ አንድ ቀለም ብቻ ትይዛለች። ቀይ የያዘችው ቀዩን ጨርሳ ለቢጫዋ ታቀብላለች። የሚቀቡት ፍሬም ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም፤ ፕሮፌሰሩ እዚያ ውስጥ የሩዝ ፍሬ ነው። ስለዚህ ባለቀለሙ በተራው ዋጋ አይሸጥም፤ ጥቁርና ነጩ 560 ፍራንክ ሲሆን ባለቀለሙ 1,000 ፍራንክ ነበር።

ከእነዚያ አንዱም ተርፏል ተብሎ አይታሰብም ነበር። በ1993 ስሙ እንዲጠቀስ ያልፈለገ ሰው ለባርሴሎና የፊልም መዝገብ ቤት ከሰጣቸው ወደ 200 ከሚጠጉ ድምፅ አልባ ፊልሞች መካከል አንድ ባለቀለም ኮፒ ተገኘ። ፊልሙ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ድንጋይ ደርቆ ነበር። በ1999 ፓሪስ ወደሚገኘው የድሮ ፊልም አዳሽ ድርጅት ሎብስተር ፊልምስ ተላለፈ፤ እዚያ በኬሚካል እንፋሎት እያለሰለሱ ትንሽ በትንሽ ላጡት፤ ከዚያ ፎቶ እያነሡ አስቀመጡት። ኮምፒውተሩ አቅም አግኝቶ ቁርጥራጩን እስኪገጣጥም 2010 ደረሰ። የጠፋው ቦታ ከጥቁርና ነጭ ኮፒ ተወስዶ ከጎኑ ካለው ቀለም ጋር እንዲመሳሰል በኮምፒውተር ተቀባ። በግንቦት 2011 እንደ ፈረንጆቹ ካን ፌስቲቫል ላይ ታየ። ያየኸው ይኸኛው ከሆነ አብዛኛው ቀለም የቱዪዬ ሴቶች ብሩሽ ነው፤ ቀዳዳውን የደፈነው ኮምፒውተር ነው።

ለማረጋገጥ ከፈለግህ መድፉ የሚተኮስበት ትዕይንት ላይ አቁመውና ባንዲራውን ተመልከት። ፈረንሳዊ ፊልም፣ ፈረንሳዊ ፕሮፌሰር፣ ባንዲራው ግን ቀይ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነው፦ የስፔን። ኮፒው የተቀባው ለስፔን ገዢ ነበራ! ሲቀረጽ ግራጫ ነበር፤ የማን ባንዲራ እንደሚሆን የሚወስነው ብሩሽ የያዘችው ሴት ጋ ሲደርስ ነው።